የረሃብ ተዝካር

ተረት ተረት።

«የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ ቆዩ። በረቱ ባዶ ነበር። ላሚቱን ድርቅ ወስዷታል። እንግዲህ «ባዶ በረት» ብላችሁ ተቀበሉኝና ልቀጥል።

ድሮ ነው። እንስሳ የሚናገርበት፣ ዕቃ የሚመልስበት ዘመን። በአንድ ገደል ሥር መንደር ነበር። በመንደሩ መሀል ጎተራ ነበረች። ሆደ ሰፊ፣ እግሯ ድንጋይ፣ ቆቧ ሣር። የማንም አልነበረችም። ስለዚህ የሁሉም ነበረች።

ያቆማት ያው ድርቅ ነው። ድርቁ ሲያልፍ የተረፉት ተሰበሰቡ። «ከእንግዲህ ለብቻ አንራብም» አሉ። «ለብቻም አንጠግብም» አሉ። ያለው ካለው ላይ አመጣ። ጉንዳኖች ጤፍ በፍሬ በፍሬ ተሸክመው መጡ። እመት ጦጣ ሽምብራ አመጣች፤ ከማን ማሳ እንደሆነ የጠየቃት የለም። አያ ጅቦ አጥንት እየጎተተ መጣ።

«ይሄ ደግሞ ምን ይሆናል?» አሉት።

«ለሾርባ ነዋ!» አለ ተቆጥቶ። «ያለኝ ይሄ ነው። ኋላ ጅብ አልሰጠም እንዳትሉ።»

ተቀበሉት።

ጎተራዋ ሁለት በር ነበራት። የፊቱ በር ሰፊ፣ ወደ አደባባዩ የዞረ። የጓሮው በር ዝቅ ያለ፣ በቁልቋል አጥር የተከለለ። የሚሰጥ በፊት ይገባል። የሚወስድ በጓሮ ይወጣል። በጓሮ ማን አለፈ ተብሎ አይጠየቅም። የሠሯት ሽማግሌዎች እንዲህ ብለው ነበር፦ «ረሃብ ያልፋል። ፊት ግን አንዴ ከወደቀ አይነሣም።»

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ አለፉ። የቀሩት አባ ሽኮኮ ብቻ ናቸው። ያን ዝቅ ያለ በር በገዛ እጃቸው የለሰኑት እሳቸው ነበሩ።

የጎተራዋ ሹመት ለእመት ጅግራ ደረሰ።

እመት ጅግራ ክፉ አልነበረችም። ይሄን ያዙልኝ። ልብሷ ነጠብጣብ፣ ንጹሕ። እግሯ ፈጣን። ራሷ ላይ ያማረ ጉትዬ። ጎዶሎ ነገር አትወድም። በተሾመች ቀን የጎተራዋን ሆድ አንኳኳች። ድም አለ። ግማሽ ባዶ።

«ኧረ አፈርኩ!» አለች።

«ለምን ታፍሪያለሽ?» አለች ጎተራ። «ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይወጣል። ኑሮዬ ነው።»

«በእኔ ዘመን ትሞያለሽ።»

አያ አውራ ዶሮ ምክር ይዞ ከተፍ አለ። «እመት ጅግራ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን እጃቸው እንደሚያጥር ታውቂያለሽ? ስማቸው ስለማይጠራ ነው። እኔ ልጥራላቸው። ጉሮሮ እንደሆን አለኝ።»

ጠራ። የጎተራዋ ጣሪያ ላይ ወጣና ጠራ። «ጉንዳኖች ሰጡ! ዘራቸው ይባረክ!» አደባባዩ እልል አለ። «አያ ጅቦ ሰጠ! ክንዱ ይበርታ!» እልል። አያ ጅቦ ሦስቴ ተመላለሰ። ስሙ በተጠራ ቁጥር ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እህሉ እስከ ጎተራዋ ደረት ደረሰ።

ዶሮ እንደገና መጣ። «ሰጪዎች ያጉረመርማሉ፤ እመት ጅግራ። የሰጠነው የት ገባ፣ ማን በላው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የጓሮውን በር እንድፈነው። የሚወስደውም በፊት ይምጣ። እሱንም ልጥራው።»

እመት ጅግራ አሰበች። ነውር አላየችበትም። አዎ፣ አላየችበትም።

የጓሮው በር በጭቃ ተመረገ።

«ጀርባዬን!» አለች ጎተራ። «ኧረ ጀርባዬን ደፈናችሁት!»

«ለአንቺው ብለን ነው» አለች ጅግራ።

አባ ሽኮኮ ከቋጥኛቸው ላይ ሆነው አዩ። «ልጄ፣ ያ በር ለከንቱ አልተሠራም» አሉ።

«አባ፣ ዘመኑ ተለወጠ እኮ።»

«ዘመን ይለወጣል» አሉ።

መጀመሪያ የመጣችው እመት ጃርት ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጆች ያሏት፣ የመንደሩ ኩሩ። ቁና ይዛ በፊት በር ቆመች። ማሽላ ተሰፈረላት። ዶሮ ደረቱን ነፋ።

«እመት ጃርት ከነልጆቿ ወሰደች! ሙሉ ቁና! ሰጪዎቿን ታመስግን!»

አደባባዩ ዞረ። ስንት ዐይን! የጃርት እሾህ በሙሉ ቆመ።

«እንዴ፣ እሷ ናት?» አለች እመት ጦጣ ጮክ ብላ። «ባሏ እያለ ሰላምታችንን እንኳ የምትቀበለው በግማሽ አፍ ነበር!»

ሳቅ ሆነ። እመት ጃርት ቁናዋን አቅፋ ሄደች። ዞር ብላ አላየችም።

ተመልሳም አልመጣችም።

ቀጥሎ የሚመጡት አነሱ። ቀጥሎ ጥቂት ሆኑ። ቀጥሎ፣ አንድ ጧት፣ በሩ ላይ ማንም የለም። እህሉ እስከ ጎተራዋ አንገት ደርሷል። እመት ጅግራ ባዶውን ደጃፍ አየችና ልቧ ዘለለ።

«የሚወስድ ጠፋ!» አለች።

«ጠፋ!» አለ ዶሮ።

«የራበው የለም ማለት ነዋ!»

«ረሃብ ሞተ ማለት ነዋ!»

ዶሮ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ረሃብን አረዳ። «ረሃብ ሞተ! ስሙ! ረሃብ ሞተ!» ሕዝቡ ጨፈረ። አያ ጅቦ ግን በእርጋታ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠላትም ቢሆን» አለ፣ «ሙት ሙት ነው። ተዝካር ሊወጣለት ይገባል። የድግስ ነገር ለእኔ ተዉት።» ምራቁ አገጩ ላይ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችኋል? ለረሃብ ተዝካር! ጠላ ተጠመቀ። ዳቦ ተደፋ። ትልልቅ ድስቶች ተጣዱ። አደባባዩ ላይ ዳስ ተጣለ።

«እመት ጅግራ» አለች ጎተራ፣ «ትኩሳት ይሰማኛል። ሆዴ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አለ።»

«እኔ ነኝ» አለ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ። ነቀዝ ነው። «የሚወስድ ከጠፋ እኔ ልውሰድ ብዬ ነው። እኔን ዶሮ አይጠራኝም።»

እመት ጅግራ አልሰማችም። ጥሪ ልትጠራ እየወጣች ነበር። የክብር ጥሪ በልጅ አይላክም ብላ ራሷ ወጣች።

በመጀመሪያ አባ ሽኮኮ ዘንድ ሄደች። ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተኝተዋል። ፊታቸው ወደ ግድግዳው።

«አባ፣ ነገ ተዝካር አለን። ከሁሉ በፊት እርስዎ ይመጣሉ።»

«የማን ተዝካር?»

«የረሃብ!»

«ቀብሩን አይተሻል?» አሉ።

ሳቀች። «ቀልድ አይተዉም እርስዎ።»

«እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ልጄ።»

«አሁን ምን ጾም አለ?»

«የራሴ ነው።»

ምን ዓይነት ጻድቅ ናቸው! አለች በልቧ። ቤተ መቅደስ ያለች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተሰናበተች። ወጣች። ፊታቸውን ሳታይ ወጣች።

ቀጥላ እመት ጦጣ ዘንድ። ጦጣ ደጃፏ ላይ እግሯን አነባብራ ጥርሷን በስንጥር ትጎረጉራለች።

«ውይ እመት ጅግራ! ምነው ቀደም ብለሽ ብትመጪ! አሁን በልተን መነሣታችን ነው። ሥጋው ጥርሴ ውስጥ ገብቶ መከራዬን አሳየኝ።»

«ነገ ተዝካር አለ፤ ሆድ አትርፊ።»

«ኧረ ከየት አባቴ! ሆዴ ሊፈነዳ ነው እኮ። ለነገሩ... ጥሪ አይናቅም። በጊዜ ነው የሚጀመረው? በጣም በጊዜ?»

መቀነቷ ወገቧ ላይ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ሊቆርጣት ደርሷል። እመት ጅግራ መቀነቱን አየች። «ያምራል» አለቻት። አይ ዐይን!

መጨረሻ ላይ እመት ጃርት ዘንድ ደረሰች። ከሩቅ ጭስ አየች። ደስ አላት። ቀረብ ስትል የድስት ክዳን ሰማች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሲፈላ፣ ሲንተከተክ። ይበልጥ ደስ አላት። ደጃፉ ላይ ቆመች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

አሸተተች።

ምንም አይሸትም።

እንደገና አሸተተች። ጭስ ብቻ። ሽንኩርት የለ። ቅመም የለ። እህል የለ።

እመት ጃርት በሩ ላይ ቆመች። «ቤቱ አልተጠረገም፤ እመት ጅግራ። ሌላ ቀን ትመጫለሽ።»

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ወጥ ነዋ።»

«ክዳኔን ክፈቱልኝ!» የሚል ድምፅ ከምድጃው መጣ። ድስቷ ናት።

«ዝም በይ!» አለች ጃርት።

«አልልም! ክፈቱልኝ! ውሃ ነኝ፣ ውሃና ድንጋይ ነኝ! ጧትም ውሃ፣ ማታም ውሃ። ጎረቤት እንዲሰማ ክዳንሽን አንኳኪ እባላለሁ፤ አንኳኳለሁ። ልጆቹ ‹ሊበስል ነው› እያሉ በእኔ ድምፅ ይተኛሉ። ሸክላ ነኝ እንጂ እንጨት አይደለሁም፤ እኔም አንጀት አለኝ!»

እመት ጅግራ ጃርትን አልፋ ገባች። ክዳኑን አነሣች። ክብ ክብ ድንጋይ። የወንዝ ድንጋይ። በፈላ ውሃ ውስጥ ይንከባለላል።

ከምድጃው ማዶ አንድ እንግዳ ተቀምጧል። ቀጭን። ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጆሮው በላይ ነው። ስትገባ እንደ ባለቤት ብድግ አለላት።

«ኖር!» አላት።

«በእግዚአብሔር፣ ይቀመጡ» አለች በልማድ።

ተቀመጠ። እሷ ቆማ ቀረች።

«ለተዝካሬ ልትጠሪኝ መጣሽ?» አለ።

ክንፎቿ ወደቁ። ረሃብ ነው። ረሃብ! በሕይወት። እሳት ይሞቃል።

«አንተ... ሞተሃል» አለች በመጨረሻ።

«ማን አረዳሽ?»

«የሚወስድ የለም። በሩ ላይ ማንም የለም።»

«ከአንቺ በር ወደ እኔ መጡ» አለ ረሃብ። «እኔ ስም አልጠራም፤ እመት ጅግራ። ማንንም ጣሪያ ላይ አላወጣም። ቤት ድረስ መጥቼ፣ በር ዘግቼ፣ ዝም ብዬ ነው የማስተናግደው። ጎተራሽ ስትሞላ እኔም እየሞላሁ ነው የከረምኩት። ዕድሜሽን ያርዝመው።»

ጭኑ ላይ አንድ ነገር ታቅፏል። የጃርት የመጨረሻ ልጅ፣ ጥጋቡ። እሾሁ ረግፏል። ዐይኑ ተከፍቷል፤ ግን አያይም።

«ይሄኛው ሊከተለኝ ነው» አለ ረሃብ፣ ራሱን እየደባበሰው።

እመት ጅግራ ወደ ጃርት ዞረች። ጮኸች። «ለምን አልመጣሽም? ለምን? ጎተራው ሞልቷል! በሩ ክፍት ነው!»

«በርሽ ክፍት ነው» አለች ጃርት። «የዶሮሽም አፍ ክፍት ነው። እነዚህ ልጆች ነገ አድገው ጎጆ ይወጣሉ። ‹የወሳጇ ልጆች› ሲባሉ ይኑሩልሽ?»

«ሞተውስ ያድጋሉ?»

ጃርት ተቀመጠች። ያን ቀን ያን ሁሉ እሾህ ተሸክማ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ መሰለች።

እመት ጅግራ ሮጠች። ጅግራ መብረር ትችላለች፤ ስትደነግጥ ግን ትሮጣለች። ሮጠች። አደባባዩ ላይ ድግሱ ይጠደፋል፤ ሕዝቡ በሙሉ እዚያ ነው። የጎተራዋን በር ከፈተች። አጃ ዘገነች። ልትወጣ ስትል ከጣሪያው ላይ ድምፅ መጣ።

«ማን ወሰደ ልበል?»

«ማንንም አትበል!»

«ሥርዓት ነው፤ እመት ጅግራ። ያንቺው ሥርዓት።»

ሕዝቡ ቀና አለ። ስንት ዐይን! የጃርት ስም ጉሮሮዋ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ። ብትለው ልጁ ይበላል፤ እናትየው በኀፍረት ትሞታለች። ዋጠችው።

«ጅግራ ወሰደች በል» አለች።

«ምን?»

«እመት ጅግራ፣ የጎተራዋ ሹም፣ ወሰደች በል። ቤቷ ባዶ ነው በል። ጥራ!»

ዶሮ አፉን ከፈተ። ድምፁ ታነቀ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታነቀ። ጅቦ ጠራለት፦ «ኧረ ጉድ! ሹሟ ለመነች!»

አደባባዩ ዞረ። ዐይኖቹ አንድ ላይ ሲያርፉባት ቆዳዋ ተቃጠለ። እንዲህ ነበር እንዴ? እንዲህ ነበር ጃርትን የነካት? ያ የሚያምር ጉትዬዋ በዚያው ቅጽበት ረገፈ ይላሉ። የጅግራ ራስ እስከ ዛሬ መላጣ የሆነው፣ ጉንጯም የቀላው ከዚያ ወዲህ ነው።

አጃውን ይዛ በሕዝቡ መሀል አለፈች።

ድስቷ ድንጋዮቹን ተፋች። አጥሚቱ ተሠራ፤ ቀጠነ፤ በረደ። ልጁ መዋጥ አቅቶታል። እመት ጅግራ ከክንፏ አንድ ላባ ነቀለች። በአጥሚቱ ነከረችው። ጠብታዋን ከንፈሩ ላይ አኖረች። ምንም። ሁለተኛ ነከረች። ምንም። ሦስተኛ ነከረች።

ምላሱ ወጣች። ጠብታዋን ላሰች።

እናቱ ድምፅ አወጣች፤ ልቅሶም ሳቅም ያልሆነ። ልጁን ከረሃብ ጭን ላይ ነጠቀችው። ረሃብ አልታገላትም። አመዱን ከልብሱ አራገፈና ተነሣ።

«ወዴት ነህ?» አለች ጅግራ።

«ሥራ አለኝ። መንደሩ ትልቅ ነው።»

እመት ጅግራ የሆነ ነገር ትዝ አላት። ጾመኛ ነኝ። የራሴ ነው። «አባ ሽኮኮ ዘንድ አትሂድ! እለምንሃለሁ፣ እሳቸው ዘንድ አትሂድ!»

«እዚያማ ጨርሻለሁ» አለ ረሃብ ከደጃፉ። «አንቺ ስትወጪ እኮ ተላልፈናል። አላየሽኝም እንዴ?»

ገደሉን ወጣች። አባ ሽኮኮ እንደተወቻቸው ናቸው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው። ጠራቻቸው። ነካቻቸው። ቀዝቅዘዋል።

ራስጌያቸው በቅጠል የተቋጠረ ነገር ነበር። ፈታችው። አንድ እፍኝ ዘንጋዳ። ለጎተራዋ ያስቀመጡት ድርሻቸው። በፊት በር ይዘውት ሊሄዱ ጉልበት ያጡበት። መስጠት ያውቁ ነበር፤ የለመዱት መስጠትን ነው። ቢበሉት በሕይወት ያድሩ ነበር እኮ! ግን ቋጥረውታል። ለሌላ። ለተራበ።

እስኪነጋ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

ስትወርድ ዳሱ ሞልቷል፤ ድግሱ ደርሷል። አያ ጅቦ ጥግ ይዟል። እመት ጅግራ መሀል ቆመች። መላጣ ራሷን ሁሉም አየ።

«ድግሱ አይቀርም» አለች። «ተዝካሩ ግን የረሃብ አይደለም። ረሃብ ቤታችሁ አለ። ተዝካሩ የአባ ሽኮኮ ነው። ከሞላ ጎተራ ሥር በረሃብ ሞቱ።»

ጠላ የሚቀዳው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ተዝካር ለነፍስ ነው» አለች። «ተዝካር የበላ ከሟች ጋር ተካፈለ እንጂ ወሰደ አይባልም። ስለ አባ ሽኮኮ ነፍስ ብላችሁ ብሉ። ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ ጥሩ። ቤት የቀረ አይኑር።»

ወጡ። ከየዋሻው ወጡ። ከየጉድጓዱ፣ ከየሥሩ ወጡ። ጭስ ከነበረበት ቤት ወጡ። ክዳን ኳ ኳ ከሚልበት ቤት ወጡ። ማንም ያልጠረጠራቸው ወጡ። ትናንት እልል ሲሉ የነበሩት ራሳቸው ተሰለፉ። ጉንዳኖች ሳይቀሩ፤ ስማቸው እንዲጠራ ብለው ጎታቸውን አራግፈው ሰጥተው ነበርና። እመት ጦጣ መቀነቷን ፈታች። ፈታች። ፈታች። ከውስጡ የወጣው ሆድ ከመዳፍ አይሰፋም ነበር። ጃርት አጠገቧ ተቀምጣለች። ጦጣ እንጀራውን ቆረሰችና መጀመሪያ ለጃርት አጎረሰቻት። ጃርትም ጎረሰች።

«እኛ ነን?» ይባባሉ ነበር። «ይሄ ሁሉ እኛ ነን?»

ዶሮ ጣሪያው ላይ ሆኖ አየ። የወሳጅ ስም ፈለገ። የመንደሩ ስም በሙሉ ነበር። አፉን ዘጋ።

«ጀርባዬን!» አለች ጎተራ እንደገና፤ አሁን በደከመ ድምፅ። በመጥረቢያ ጭቃውን ሰበሩት። የጓሮው በር ሲከፈት መጀመሪያ የፈሰሰው ዱቄት ነበር። የነቀዝ ዱቄት። ግማሹ እህል አልቋል። ነቀዝ ወፍሮ፣ ሰክሮ ወጣ። «እናንተ ናችሁ እኮ የጋበዛችሁኝ» አለ።

ከቀብሩ በኋላ ተቀመጡና ተመካከሩ።

«በሩስ ተከፈተ» አለች ጃርት። «ዛሬ ግን ሁሉም ዐውቋል። ከእንግዲህ በጓሮ የታየ የራበው ነው ይባላል። አሁንም አልመጣም።»

የጃርት ድስት ክዳኗን አንኳኳች።

«እኔ ባዶዬን ሙሉ ማስመሰል ዐውቃለሁ» አለች። «ስልቻ ይሄ ያቅተዋል?»

ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆነ። በገበያ ቀን መንደሩ በሙሉ አፉ የታሰረ ስልቻ ተሸክሞ በፊት በር ይገባል። መንደሩ በሙሉ አፉ የታሰረ ስልቻ ተሸክሞ በጓሮ ይወጣል። አንዱ እህል ይዞ ገብቶ ገለባ ይዞ ይወጣል። ሌላው ገለባ ይዞ ገብቶ እህል ይዞ ይወጣል። ማን ምን እንደያዘ የምታውቀው ጎተራዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ዐይን የላትም። ገለባ የያዘ እንደከበደው ሆኖ ማቃሰት ግዴታው ነው። በዚህ አያ ጅቦን የሚያህል አልተገኘም። «ወገቤን! ኧረ ወገቤን!» ይላል፣ ባዶ ገለባ ተሸክሞ። ዶሮም ቃል ገባ። እስከ ዛሬ ይጮሃል፤ እስከ ዛሬ የማንንም ስም ጠርቶ አያውቅም።

ጎተራዋ ከዚያ ወዲህ እስከ አንገቷ ሞልታ አታውቅም። የጃርት ልጅ፣ ጥጋቡ፣ አደገ፤ ስልቻ ተሸከመ፤ በየትኛው ስልቻ እንዳደገ አያውቅም።

ረሃብስ? አልሞተም። ከቁልቋሉ አጥር ጥግ ቆሞ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ክዳኑ እየጮኸ ሽታ የማይወጣበትን ቤት ይጠብቃል።

የጎተራ ሙላት የሚለካው በጎተራው አይደለም፤ በጎረቤት ድስት ነው።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ አልላችሁም። አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ። ዳቦው ካለ ወደዚያ ቤት ውሰዱት። በጓሮ በኩል።